ከሃዲ ያልኩት ተጫዋች

እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም ከአርሴናል ጋር 2 ለ 2 የተለያየን ዕለት ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ተቀይሮ ሲገባ በገዛ ሜዳው የራሱ ደጋፊዎች ጮኹበት። ኮንትራቱ ሲያልቅ እንደሚለቅ ተናግሮ ነበራ! እኔም "ከሃዲ!" ብዬ ጮህኩ።

የአርሴናል ደጋፊ የሆነው ታላቅ ወንድሜ ግን "ከ6 ዓመቱ ጀምሮ 20 ዓመት እናንተ ጋ ነው የቆየው። ክለቡ ተጫዋች ሲሸጥስ ክለቡን ከሃዲ ትሉታላችሁ?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ያኔ አንድ የክፍላችን ልጅ ትዝ አለኝ። የቡድናችን ምርጥ አጥቂ ነበር። ትምህርት ቤት ሲቀይር "ከዳን" ብለን ሰላም ማለት እንኳን ተውነው። በኋላ ስንሰማ ለካ የቤት ኪራይ ተጨምሮባቸው ነው ሰፈር የለቀቁት።

የትሬንት መሄድ አሁንም ያናድደኛል። በልቡ ያለውን ግን አላውቅም፤ እሱን ልጠይቀውም አልችልም። ጓደኛዬን ግን መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅኩትም። ቅዳሜ አዲሱ ቤታቸው ልሄድ ነው።