ስልኬን ይዤ ሰፉን ያዞርኩ ቀን



ባለፈው ዓመት ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር መስጂድ ዙህር ለማሰገድ ሄድኩ። ስልኬን አውጥቼ ኮምፓሱን ሳይ ሚህራቡ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ። ማንንም ሳላማክር ሰፉን አዞርኩት። ለዐስር ስለካ ግን ሌላ ቁጥር መጣ። ጀማዓው ተከፈለ፤ ወጣቶቹ ከስልኩ፣ አባቶች ከሚህራቡ ጋር። አንዱ ልጅ «የምድር ማግኔት በቀን ውስጥ ይለዋወጣል፣ ኮምፓሱ አልተሳሳተም» ብሎ ተከራከረልኝ። መስጂዱን በእጃቸው ያቆሙት ሙአዚን «ልጄ፣ ጠዋትና ማታ በሚለዋወጥ ነገር ነው የአርባ ዓመት ሶላታችንን የምታፈርሰው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ማንበብ ያዝኩ። ልጁ ያለው ሐሰት አይደለም። ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ጀምሮ ያለውን ስስ አየር የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል። አየሩ በምድር ማግኔት ውስጥ ሲነፍስ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያም የራሱን ማግኔት ይጨምራል። ፀሐይ ማዕበል ባላስነሳችበት ጸጥተኛ ቀን እንኳ ቀን ይበረታል፣ ሌሊት ይደክማል። ጆርጅ ግርሃም የተባለ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1722 ለንደን ላይ የኮምፓስ መርፌ በቀን ውስጥ ስትንቀሳቀስ አይቷል። የማግኔቱ የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ ደግሞ ያ ኤሌክትሪክ በእኛ ሰማይ ላይ በተለየ ይበረታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይለካዋል።

ግን ምን ያህል ነው? አዲስ አበባ ላይ አግድሙ የማግኔት ኃይል 36 ሺህ ናኖቴስላ ያህል ነው፤ በጸጥተኛ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሚጨምረው ቢበዛ መቶ ገደማ። መርፌዋን የሚያዞራት ደግሞ የዲግሪ ክፋይ ብቻ ነው። የእኔ ስልክ በሁለት ሶላት መካከል 20 ዲግሪ ነበር የዘለለው! ዙህር ላይ የለካሁት ከብረት በሩ ሥር፣ ዐስር ላይ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነበር። ማጉያው ውስጥ ትልቅ ማግኔት አለ። ልጁ በእውነተኛ ነገር ለእኔ ጥፋት መከራከሩ ነው የከነከነኝ።

ከእኛ አካባቢ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 12 ወይም 13 ዲግሪ ያህል ነው። ከዕባን ለማያይ ሰው አቅጣጫው ይበቃል የሚለውም የብዙ ዑለማ አቋም ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የቸኮልኩት።

ግንቦት 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ላይ ፀሐይ ከከዕባ አናት ላይ ትሆናለች። (ሐምሌ 8ም 6 ሰዓት ከ27 ላይ ትደርሳለች፤ ጎጃም በሐምሌ ፀሐይ ካገኛችሁ!) አንድ ሜትር እንጨት ይዤ ወደዚያች መስጂድ ሄድኩ፣ ልጁም አብሮኝ ነበር። ጥላው 20 ሳንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር ክር ወጠርን፤ ክሩ ከሚህራቡ ጋር ገጠመ።

ጀማዓውን «አፉ በሉኝ» አልኩ። ሙአዚኑ ክሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፣ ዙህር ሊገባ 10 ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበርና ወደ ዉዱእ ሄዱ።