የምላጩን ጎን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ምላጭ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው «ስለቱ እንዴት ነው?» ብለን ነው። ስለት በእርግጥ ዋና ነገር ነው። ነገር ግን ፊትን የሚያለሰልሰውም ሆነ አንገትን የሚያቆስለው ስለቱ ብቻ አይደለም። ከስለቱ በላይ ያለው የምላጩ ጎን የተሞረደበት መንገድም ትልቅ ድርሻ አለው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። «ሴት ከምላጭ ጋር ምን አላት?» የምትሉ ወንድሞች ካላችሁ፣ ደም የነካውን የሸሚዝ ኮሌታ የምናጥበው ብዙውን ጊዜ እኛ መሆናችንን አትርሱ!

በቤታችን ሁለት ታጣፊ ምላጮች አሉ። እንደ ሰንጢ ወደ እጀታው የሚታጠፈውን፣ እየተሳለ ለዓመታት የሚያገለግለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ፀጉር ቤት የምናየው፣ ትንሿ ምላጭ እየተቀየረች የምትገባበት መያዣ ከዚህ ይለያል። ከሁለቱ አንደኛው የጀርመኗ የሶሊንገን ከተማ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው በእንግሊዝ ሼፊልድ የተሠራ ነው። ሁለቱም ከተሞች በስለት ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው።

እስቲ እነዚህን ምላጮች ከጫፋቸው በኩል ተመልከቷቸው። የሼፊልዱ ከወፍራም ጀርባው እስከ ስለቱ ድረስ ቀጥ ብሎ እየሳሳ ይወርዳል፤ ልክ እንደ እንጨት መፍለጫ ሽብልቅ ነው። የሶሊንገኑ ግን ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተቦርቡረው ጎድጉደዋል። ከጀርባው በታች ያለው ብረት እንደ ወረቀት ስስ ነው። ይህ ጉድጓድ የሚወጣው በሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ ሲሆን፣ ድንጋዩ ባነሰ መጠን ጉድጓዱ ይጠልቃል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሩብ ያህል ወይም ግማሽ ያህል የጎደጎዱ አሉ።

ብዙዎች «ስሱ ይበልጥ ስለታም ነው» ይላሉ። እንዲህ ግን አይደለም። ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አብረው ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት እንጂ የጎኑ ጉድጓድ አይደለም። በደንብ ከተሳሉ ሁለቱም እኩል ይቆርጣሉ። ልዩነቱ ያለው ከስለቱ በስተኋላ ባለው ብረት ላይ ነው።

ስሱ ምላጭ ይናገራል። ጺሙን ሲቆርጥ ሽርርር የሚል ድምፅ ያሰማል፤ የፀጉሩም ስሜት እስከ ጣት ድረስ ይደርሳል። ባለቤቴ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሲላጭ ድምፁን ከውጭ እሰማዋለሁ። ይሁን እንጂ ስሱ ጫናን አይወድም። ሲጫኑት ይለምጣል፤ ከለመጠ ደግሞ ቆዳ ይይዛል። ባለቤቴ ከፕላስቲክ መላጫ የለመደው እጁን መጫን ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንገቱ ደህና አልነበረም። እሑድ እሑድ ኮሌታው ሲነካው ፊቱን ሲያጨማድድ አየው ነበር።

ሽብልቁ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ከባድ ስለሆነ ክብደቱ ራሱ ሥራውን ይሠራል፤ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ጺም ላይም አይንቀጠቀጥም። ነገር ግን ብዙ ስለማይናገር እጅ ራሱ መጠንቀቅ አለበት። ፍጹም ቀጥ ያለ ጎን ካለው ደግሞ ጎኑ በሙሉ ድንጋዩን ስለሚነካ መሳሉ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የጎደጎደው ግን ድንጋዩን የሚነካው በጀርባውና በስለቱ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሳላል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱ ያለው በሰውየው ፊትና እጅ ላይ ነው። ጺሙ ስስ፣ እጁም ቀላል ከሆነ በጣም የጎደጎደው ይስማማዋል። ጺሙ ጠንካራ ከሆነ ወይም ገና ጀማሪ ከሆነ ግማሽ ያህል የጎደጎደው ለሁለቱም ይበጃል። የእኛ ቤት ሰው ዛሬ ጉንጩን በስሱ፣ አገጩን በሽብልቁ ይላጫል። ሁለቱንም ቆዳው ላይ ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ይይዛል፤ ከመላጨቱ በፊትም በተወጠረ ቆዳ ላይ ጀርባውን አስቀድሞ ይጠርጋቸዋል። ጺሙንም አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ያለሰልሳል። ሲጨርስ ምላጩን አድርቆ ያስቀምጣል፤ አለበለዚያ ይዝጋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገራችሁ። በእኛ ሰዎች ዘንድ ጺማቸው የተጠቀለለ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ጺም ቆዳ ተወጥሮ ወይም ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ሲላጭ ከቆዳው ሥር ይቆረጣል። ሲያድግ ደግሞ ጫፉ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋና ያብጣል። በዚህ ጊዜ ምላጭ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መላጨት ይሻላል። ከባሰ ለጥቂት ሳምንታት መላጨቱን ትቶ የቆዳ ሐኪም ማማከር ይገባል። ባለቤቴ አንገቱ ላይ የነበሩት እብጠቶች የቀነሱለት እንዲህ ሲያደርግ ነው። ደግሞም ምላጭን ከወንድም ጋርም ቢሆን መጋራት አያስፈልግም። የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ቢ ቫይረሶች በደም የሚተላለፉ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

እህቶቼ ሆይ፣ ለባለቤቶቻችሁ ምላጭ በስጦታ ልትገዙ ካሰባችሁ ለእጀታው ውበት ወይም ለዋጋው ውድነት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ጺሙን ዳሱ፤ አንገቱን እዩ፤ እጁ ከባድ ይሁን ቀላል አስተውሉ። ከዚያም ሻጩን «ጎኑ እንዴት ነው የተሞረደው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወንድሞችም ብትሆኑ ምላጩ አልሰማ ሲላችሁ ከመጫን ይልቅ ቆም ብላችሁ ሳሉት። የተጫኑት ምላጭ ጺሙን ትቶ ቆዳውን ይላጫልና።