ስለ ወሰን ጠባቂ

ኃይል ሁሉ ወሰን ይፈልጋል። ወሰን የሌለው ኃይል መጀመሪያ ሌላውን፥ በመጨረሻም ራሱን ይሰብራል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ወሰኑን የሚጠብቀው ማነው? ጠባቂውስ የሞተ እንደ ሆነ መሞቱ በምን ይታወቃል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህን ነገር በአንዲት የእንጨት መቅረጫ መኪና ምሳሌነት ለማስረዳት አስቤአለሁ።

የእኅቴ ልጅ አናጢ ነው። የሚተዳደረውም በርና የአልጋ ራስጌ እየቀረጸ ነው። ሥራውን ለማፋጠን ሲል ከኮምፒዩተር ትእዛዝ እየተቀበለች የምትቀርጸውን፥ ሲ.ኤን.ሲ. የሚሏትን መኪና በገዛ እጁ ሠራ፤ የሁለት ዓመት ቁጠባውንም አፈሰሰባት።

የመኪናዪቱ ጠባይ እንዲህ ነው። የሚያንቀሳቅሳት ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል። ረጅሙ ብሎን በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ፥ አንዲቱ እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር ናት ማለት ነው። ይህን ያህል የምትጠነቀቅ መኪና ግን ዕውር ናት። እንዲራመድ ያዘዘችውን ትቆጥራለች እንጂ መራመዱን አታይም። ከሐዲዱ ጫፍ ብትደርስም ቁጥሩ ገና ካልሞላ ትገፋለች። ያን ጊዜ ብሎኑ ይጣመማል፥ ማያያዣው ይላቀቃል፤ የሰው ጣት በመካከል ከተገኘም አይተርፍም።

ልጁ መኪናዪቱን በቶሎ ወደ ሥራ ለማስገባት ቸኩሎ ነበርና፥ «ጋሼ፥ አጠገቧ ቆሜ አያታለሁ፤ የማቆሚያው ቁልፍም በእጄ ነው። ሰውዬው በሩን እየጠበቀ ስለ ሆነ ሴንሰሩ ይቆየን» አለኝ። እኔም፥ «ልጄ፥ አንተን እንቅልፍ ይጥልሃል፥ ስልክም ይጠራሃል፤ እርስዋን ግን እንቅልፍ አይጥላትም» አልኩት። ጥቂት አሰበና እሺ አለ። በሩም ለባለቤቱ በአራት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ወቀሳም አልቀረለትም።

የወሰን ጠባቂ አድርገን የመረጥነው ማግኔት ነው። እየተነካ የሚሠራ ቁልፍ በእንጨት ብናኝ ይደፈናል፥ በመነካካትም ያልቃል። ማግኔት ግን ሳይነካ ያስታውቃል። ይህም የሆነው ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ባገኘው ነገር ነው። በመስተዋት ላይ በተለጠፈ ስስ የወርቅ ቅጠል ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ማግኔት ቢያቀርብበት፥ በቅጠሉ ግራና ቀኝ ጠርዞች መካከል ጥቂት ቮልቴጅ ተገኘ። ኤሌክትሮን የታወቀው ከዚያ 18 ዓመት በኋላ በ1897 ነውና፥ ሰውዬው ምክንያቱ ተሟልቶ ሳይገለጥለት ያየውን በትክክል መዝግቦ አለፈ። ዛሬ ያ የወርቅ ቅጠል ከባቄላ ፍሬ ባነሰች፥ ሦስት እግር ባላት ሴንሰር ተተክቷል። ኤ3144 የምትባለው ዓይነት፥ ጽሕፈት ባለበት ፊቷ በኩል የማግኔት ደቡባዊ ዋልታ ሲቀርባት ምልክት ትሰጣለች። ማግኔቱን በምትንቀሳቀሰው ድልድይ ላይ፥ ሴንሰሯን በሐዲዱ ዳር፥ በመካከላቸው 2 ሚሊሜትር ያህል ትተን አሰርናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህች ሴንሰር በተፈጥሮዋ ማግኔት ሲመጣባት ትናገራለች፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ዝም ትላለች። ሽቦዋ ቢበጠስም ዝም ትላለች። እንግዲህ የደኅንነት ዝምታና የሞት ዝምታ አንድ ሆኑ ማለት ነው። መኪናዪቱም ጠባቂዋ ሞቶ ሳለ ሰላም ነው ብላ ወደ ጫፍ ትሮጣለች።

መድኃኒቱ አንድ ትራንዚስተርና ሁለት ሬዚስተር ነው። በእነርሱ አማካይነት ነገሩን ገለበጥነው። ወሰኑ ሩቅ ሲሆን ሴንሰሯ ሳታቋርጥ «አለሁ» ትላለች፤ ወሰኑ ሲቀርብ ድምፅዋን ታቋርጣለች፤ መኪናዪቱም ድምፁ በተቋረጠ ጊዜ እንድትቆም ታዘዘች። ከሦስቱ ሽቦዎች ማንኛውም ቢበጠስ፥ ኤሌክትሪኩም ከሴንሰሯ ቢቋረጥ፥ «አለሁ» የሚለው ድምፅ ይጠፋና መኪናዪቱ ትቆማለች።

ይህን መምህር የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጧት ወደ ክፍል ገብቶ «የቀረ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር መልስ አያገኝም፤ የቀረ ልጅ አፍ የለውምና። ስም እየጠራ «አቤት» የሚያሰኝ ግን የጎደለውን በዝምታው ያውቀዋል። እኔም በማስተምርበት ዘመን ሁሉ ስም ሳልጠራ ትምህርት አልጀምርም ነበር።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ስለ ምላስ የተነገረ ነውና እውነት ነው። በጠባቂ ዘንድ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ልጆቹ ስላልተናገሩ ደኅና ናቸው የሚል አባት፥ አቤቱታ ስላልመጣ ፍርድ አልተጓደለም የሚል ሹም፥ ጥያቄ ስላልተነሣ ትምህርቱ ገብቷቸዋል የሚል መምህር፥ ሽቦው የተበጠሰበትን መኪና ይመስላሉ። ያዘነ ልጅ ዝም ይላል፤ የተበደለና ተስፋ የቆረጠ ሰውም ዝም ይላል። ስለዚህ ከሚወዱን ሰዎች «አለሁ» የሚል ድምፅ በየቀኑ መስማትን እንልመድ። ድምፁ በጠፋም ጊዜ ቆመን እንመርምር።

ሁለተኛው ትምህርት የወሰኑ ቦታ ነው። በደቂቃ 1500 ሚሊሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 25 ሚሊሜትር ታልፋለች፤ ድልድዩም ክብደት አለው። ስለዚህ ጠባቂውን በጫፉ ላይ ሳይሆን 10 ሚሊሜትር ከጫፉ በፊት አቆምነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ጠባቂው በከንቱ እንዳይጮህ ነው። የመቅረጫው ሞተር ሲዞር በአካባቢው ያለውን ሽቦ በኤሌክትሪክ ያውካል፤ ሴንሰሯም የሌለ ወሰን መጣ እንድትል ያደርጋታል። ስለዚህ በብረት መረብ የተሸፈነ ሽቦ መርጠን ከሞተሩ ሽቦ አርቀን ዘረጋነው። ሳይመጣ «ቀበሮ መጣ» ይል የነበረው እረኛ መጨረሻ ላይ የሚያምነው አላገኘም፤ ከንቱ የሚጮህ ጠባቂም በባለቤቱ እጅ ይነቀላል።

አራተኛው፥ በወሰን ላይ በድንገት የቆመች መኪና ከእንግዲህ ቁጥሯ አይታመንም። ካቆመችበት ልቀጥል ብትል ሥራው ሁሉ ይጣመማል። ስለዚህ ወደ መነሻዋ ተመልሳ፥ ማግኔቱን በዝግታ ዳግመኛ አግኝታ፥ ከዜሮ ትጀምራለች። ከተሳሳተ መንገድ የሚመለስ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ማቆሙ ብቻ አይበቃውም፥ መነሻውን ይሻል።

ሥራው ባለቀ በሦስተኛው ወር መኪናዪቱ አንድ ጧት አልንቀሳቀስም አለች። ልጁ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈልጎ፥ በጠረጴዛው ሥር አይጥ የበላችው የሴንሰር ሽቦ አገኘ። መኪናዪቱ አልተጎዳችም፤ ጣቶቹም አሥር ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ለኃይልህ፥ ለቁጣህና ለሥልጣንህ ጠባቂ ማቆምህ መልካም ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ጠባቂህ ዝም ባለ ቀን መቆምን መልመድህ ነው።