የተደበቀ ኮለም



እዚህ ካምፓስ ከደብረ ኤልያስና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች በጣት የምንቆጠር ነን። አገር ቤት ያለው ጀመዓም ትንሽ ነው። ከረመዷን በፊት ሽማግሌዎቹ ደውለው የዘካተል ፊጥሩን ዝርዝር በኤክሴል እንድናዘጋጅ ጠየቁን። «ኢንጂነሮች አይደላችሁ እንዴ!» አሉን። (ኢንጂነር የሆነ ሁሉ ቴሌቪዥንም ይጠግናል ተብሎ ይታሰባል።)

ዝርዝሩ ስድስት ኮለም ነበረው፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የሚደርሰው እህል በኪሎ። ፋይሉ አዲስ አበባና ዐረብ አገር ሆነው ገንዘብ ለሚልኩ የአገር ልጆች በቴሌግራም ይላካል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታዲያ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ሒሳቡ ይታይ፤ የሰው ድህነት ግን እንዳይነበብ አድርጉልኝ።» ስምና ስልኩን በማክሮ እንድንደብቀው የተወሰነው በዚህ ነው።

ኮለም መደበቅ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው። የቪዥዋል ቤዚኩን መስኮት ከፍቶ የኮለሞቹን «ሂደን» የሚባል ባሕርይ «ትሩ» ማድረግ ነው፤ ለመመለስ «ፎልስ»። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ኮዱ ራሱ እንዲሠራ ማድረግም ይቻላል። ጻፍነው፤ ከመላካችን በፊት ግን እንደ ተንኮለኛ ሰው ሆነን ፈተንነው።

ከላይ ያሉት ፊደላት ከ«ኤ» ወደ «ዲ» ይዘላሉ፤ የሆነ ነገር እንደተደበቀ ማንም ያያል። ቀኙን ክሊክ አድርጎ «አንሃይድ» ሲል ሁሉም ይወጣል። ሺቱን በፓስወርድ ስንቆልፈው «አንሃይድ» እምቢ አለ፤ ነገር ግን ሌላ ሺት ላይ እኩል ይሆናል ብለን የተደበቀውን ሴል አድራሻ ስንጽፍ ስሙ ቁልጭ ብሎ መጣ። ከሁሉ የከፋው ስልክ ነው። ኤክሴል ስልክ ላይ ማክሮ አያስኬድም፤ ኮለሞቹ ተገልጠው ሴቭ ተደርገው መደበቁ ለኮዱ ብቻ ከተተወ፣ ስሞቹ በሙሉ ይታያሉ። ኮምፒውተር ላይም ቢሆን ማይክሮሶፍት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ማክሮውን እንዳያስኬድ ያግዳል። የእኛ ሰው ደግሞ ፋይል የሚከፍተው በስልክ ነው።

መደበቅ የማሳያ ጉዳይ ነው፤ መረጃው ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ነው። በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር በኢሜይል የወጣው የአፍጋኖች ዝርዝር ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ሕይወታቸው ለአደጋ ስለተጋለጠ ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ያመለከቱ ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መረጃ አንድ ፋይል ውስጥ ተደብቆ ወጣ። በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ወደ 9,500 የሚጠጉ ባልደረቦቹን ዝርዝር በተደበቀ ሺት ውስጥ ለሕዝብ ለቀቀ። የእኛ ዝርዝር ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም። ግን በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ ገና ተማሪዎች ነበርን፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ አካባቢ የሙስሊም ስም ዝርዝር እንደ ተራ ወረቀት አይታይም። በሕግም ቢሆን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ስለዚህ ስምና ስልኩን መደበቅ ትተን ከፋይሉ አወጣናቸው። ከዚያ የቀረውን ስናየው ሌላ ነገር ታየን፤ ብዙ ያከራከረንም እሱ ነው። «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ቤተሰብ 9» የሚል ረድፍ አለ። ስም የለውም። ግን ደብረ ኤልያስን የሚያውቅ ሰው ያን ረድፍ አንብቦ የማን ቤት እንደሆነ ለመገመት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። አንዱ ጓደኛችን «ሰፈሩን ካወጣን ሰጪዎቹ ምን ያያሉ? ቁጥር ብቻ?» አለ። እውነት አለው፤ የተደበቀ ሒሳብ ለኺያና በር ይከፍታል። የሰውን ገመና መሰተርና ወጪን መደበቅ አንድ አይደሉም።

በመጨረሻ ለሰጪዎቹ የተላከው አዲስ ፋይል ተራ ቁጥር፣ ኪሎና ድምር ብቻ ያለው ሆነ። ስሞቹ በዚያው ተራ ቁጥር በወረቀት ደብተር ተጽፈው ሁለት ሽማግሌዎች ዘንድ ተቀመጡ። መድረሳ ስለ አማና የተማርነው በአደራ ስለተቀመጠ ብርና እህል ነበር፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት የአይሲቲ ክፍል ደግሞ ስለ ሴልና ፎርሙላ። ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ ሲገናኙብን የመጀመሪያችን ነው። ከዐረብ አገር አንድ ሰጪ ደውሎ «ስማቸው የታለ?» ሲል ሽማግሌው «ደብተሩ እዚህ አለ፤ መጥተህ ከፍተህ እይ፤ በስልክ ግን አላነብልህም» አሉት።

የካምፓሳችን ጀመዓም የሚያግዛቸው ተማሪዎች ዝርዝር አለው። ፋይሉን የያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በኮምፒውተር ከፍታችሁ «ፋይል» ከሚለው ሥር «ኢንስፔክት ዶክመንት» የሚለውን ተጫኑት፤ የተደበቀ ረድፍም ሆነ ኮለም ካለ ይነግራችኋል። የእኛን ባዶ ቅጽ የሚፈልግ ካለ ከመግሪብ በኋላ መስጊድ ያገኘናል፤ ኢንሻአላህ በፍላሽ እንሰጣለን።