ቦንጋ ላይ ለቅሶ የደረሱኝ ሰዎች

“ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል” ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። በደንብ የገባኝ ግን ከቤቴ ርቄ ቦንጋ ስማር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መመደቤን ስነግራት እናቴ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ “ለመሆኑ በስንት ቀን ይደረሳል?” ብላ ነበር። እውነቷን ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በጅማ በኩል ቦንጋ ለመድረስ ደግሞ ሌላ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። እኔ የለመድኩት ሜዳና የጤፍ ማሳ ነው። ካፋ ግን ጫካና ጉም ነው። ዝናቡ አላባራ፣ ቆጮውም አልዋጥ ሲለኝ “ምን አመጣኝ?” እያልኩ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ከግቢው በር አለፍ ብሎ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም “ማዘር” ነው የምንላቸው። ከልጆቻቸው ጋር ካፊኖኖ ያወራሉ፤ ወደኛ ዞር ሲሉ “ልጄ፣ በላህ ወይ?” ይላሉ። እኔ ቡና የማውቀው ከገበያ ተሰፍሮ ሲመጣ ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው እንደሚበቅል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌርነት መመዝገቡን የተማርኩት በኋላ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ያሳደገችኝ አያቴ አረፈች። የፈተና ሰሞን ስለነበር ቤተሰቦቼ ደበቁኝ። መርዶውን በስልክ የሰማሁት ከተቀበረች ከ12 ቀን በኋላ ነው። ልሂድ ብልስ? የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ደርሼስ ማንን ልቀብር?

ማዘር ፊቴን አይተው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ስኒያቸውን ሰበሰቡና “ሰው እንዴት ብቻውን ያለቅሳል?” ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሲመሽ ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ መጡ። አያቴን አያውቋትም፤ ስሟን እንኳ ሰምተው አያውቁም። ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አንድ ሽማግሌ “ስንት ልጅ አሳደገች?” አሉኝ። መልስ ስጀምር እንባዬ መጣ። እያለቀስኩ ስለ እሷ አወራሁ፤ እነሱም ዝም ብለው ሰሙኝ። የዚያን ቀን የቀረበልኝን ቆጮ ሳላስተውል ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠሬን ተውኩ። ካፋ በ2014 ዓ.ም. ከደቡብ ክልል ወጥቶ በአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ክልል ሲካተት እንደ አገሬው ልጅ ቡና ላይ ተቀምጬ ስከራከር ነበር። ዛሬም “ቦንጋ” የሚል ዜና ከሰማሁ ጆሮዬ ይቆማል።

ወደዚህ ትምህርት ክፍል ለሁለተኛ ዲግሪ ከገባሁ ወዲህ ከሩቅ የመጡ ልጆች ስልክ ይዘው ጥግ ላይ ሲያለቅሱ አያለሁ። ወገኖቼ፣ “አይዞህ” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ቁጭ በሉና ስለሞተባቸው ሰው ጠይቋቸው። ለቅሶ መድረስ ማለት እሱ ነው።