የምቢታ ማሳ ዘበኞች

ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ የስምጥ ሸለቆን ተሻግሮ፥ የኪሲን የሻይና የሙዝ ተራሮች አልፎ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወርድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። እኛም በዚሁ መንገድ ተጉዘን፥ ሆማ ቤይን አልፈን፥ ከሩሲንጋ ደሴት ፊት ለፊት ወደምትገኘው ወደ ምቢታ ደረስን። ወደዚያ የወሰደን የሐይቁ ውበት ብቻ አልነበረም፤ መርዝ ሳይረጭባቸው ከትል ስለሚጠበቁት የበቆሎ ማሳዎች የሰማነው ወሬ ጭምር ነበር።

በምቢታ የነፍሳትን ጠባይ የሚያጠና የአንድ ዓለም አቀፍ ማዕከል ጣቢያ አለ። ማዕከሉን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በናይሮቢ ያቋቋሙት ኬንያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው፤ የምቢታውም ጣቢያ በስማቸው ይጠራል።

ከጣቢያው ራቅ ብሎ በሚገኝ ማሳ ውስጥ አንዲት የሉኦ አሮጊት በአስተርጓሚ አነጋገሩን። በመጀመሪያ ያሳዩን የጤነኛውን ሰብል ልምላሜ አልነበረም፤ የወደቀ አገዳ አንሥተው በቢላዋ ሰነጠቁት። በውስጡ ቦርቡሮ የገባ ትል ነበረ። «ይህ ነው የልጆቼን ጎተራ ባዶ ያደርግ የነበረው» አሉን።

ይህ አገዳ ቆርቁር የሚባለው ተባይ ሲያድግ የእሳት እራት ይሆናል። እንስቲቱ ሌሊት በቅጠል ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉም ጥቂት ቀን ቅጠሉን ከበላ በኋላ ወደ አገዳው ይገባል። ከገባ ወዲያ ከላይ የሚረጨው መርዝ አይደርስበትም። ይልቁንም መርዙ የተሸሸገውን ትል ትቶ፥ በቅጠሉ ላይ የሚመላለሱትን ሸረሪቶች፥ ጉንዳኖችና ተርቦች ይፈጃል። እነዚህ ደግሞ የገበሬው ዘበኞች ናቸው።

ይህንንም በዓይናችን አየን። በሌላ አገዳ ውስጥ ከሞተ ትል አጠገብ ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ተከማችተው ስናይ፥ የትሉ እንቁላል መስለውን ነበር። ነገር ግን ኮቴሲያ የምትባል ተርብ ልጆች ማደሪያ ኖረዋል። ይህች ከጉንዳን የማትበልጥ ተርብ ትሉ በቆፈረው ጉድጓድ ገብታ በአካሉ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿም ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። አንደኛዋ የኮቴሲያ ዓይነት የአፍሪካ ተወላጅ ናት፤ ሌላይቱ ግን ከእስያ የመጣውን አገዳ ቆርቁር እንድታጠቃ ከፓኪስታን ተወስዳ በ1993 ዓ.ም. በኬንያ ተለቀቀች። ጉንዳኖችና ሸረሪቶችም በበኩላቸው የተባዩን እንቁላልና ጨቅላ ትሎች ይለቅማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ የጥቃቅኖቹ ኅብረት ብርቱ ነው።

ሆኖም ዘበኞቹ ብቻቸውን ሁልጊዜ አይበቁም። ስለዚህ በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ሐረግ፥ በማሳው ዙሪያም የዝሆን ሣር ይተከላል። የሐረጉ ሽታ የእሳት እራቷን ከበቆሎው ያባርራታል፤ የሣሩ ሽታ ደግሞ ወደ ዳር ይስባታል። በዚያ ከሚፈለፈሉት ትሎች አብዛኞቹ በሣሩ ሙጫ ተይዘው ይሞታሉ። ይህ ዘዴ «ግፋና ሳብ» ይባላል። ሐረጉም ለአፈሩ ናይትሮጂን ይሰጣል፥ አቀንጭራንም ያጠፋል፤ ከሣሩ ጋር ሲታጨድም ለከብት መኖ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ሞላሰስ የተባለ ሌላ ሣር በበቆሎ መካከል ሲዘራ የእሳት እራቷን ከማራቁም በላይ ተርቧን ወደ ማሳው ይጠራል።

አሮጊቷ ግን ችግሩን አልሸሸጉንም። ዘሩ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሐረጉም በመጀመሪያው ወራት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አረሙ ያደክማል። እኛ እዚያው ሳለን ልጃቸው ጥቂት የተበሱ ቅጠሎች አይቶ፥ «እማዬ፥ ሰብሉ ሳይጠፋ መርዝ እንግዛ» አላቸው። የዓመቱ እህል ያ ብቻ ስለነበረ ሥጋቱ ያለምክንያት አልነበረም። እሳቸው ግን ማሳውን በሙሉ ዞረው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ ትሉ ከነአካቴው ከጠፋ ተርቧ ምን በልታ ትኖራለች? እርሷ ከሄደች በኋላ ትሉ ሲመለስ ማን ይጠብቅልናል?» ብለው መለሱለት። ልጁም ዝም አለ፤ መርዙም በዚያ ቀን ሳይገዛ ቀረ።

ይህ መልስ ከምቢታ ይዘነው የተመለስነው ትልቅ ትምህርት ነው። በቆሎው ትሉን፥ ትሉም ተርቧን ይመግባል፤ ጥቂት ትል የዘበኛው ቀለብ ነው፤ ቀለብ የሌለውም ዘበኛ በሥፍራው አይቆይም። አገዳ ቆርቁርና አቀንጭራ የኢትዮጵያንም የበቆሎና የማሽላ ገበሬ የሚያስጨንቁ በመሆናቸው ይኸው ዘዴ በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። ስለዚህ ገበሬን ለመምከር ወደ ማሳ የሚወርድ ባለሥልጣን የመርዙን ዓይነት ከመምረጡ አስቀድሞ፥ በቅጠሉ ሥር እነማን እንደሚኖሩ ጎንበስ ብሎ ቢመለከት መልካም ነው።