ሌሊትስ በምን ይኖራል?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የምጽፍልህ ዐዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ዐዋቂ መስዬ ለመታየት ስል የሠራሁትን ጥፋት ልነግርህ ፈልጌ ነው።

በቢሾፍቱ ከተማ የሳይንስ መምህር ነበርሁ። አንድ ቀን ከአረንጓዴ ሐይቅ በጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ወደ ክፍል ይዤ ገባሁ። ያን ጊዜ የሐይቁ ውሃ ጎመን የተጨመቀበት ይመስል ነበር። ተማሪዎቹ በየተራ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት፤ እንደ ሞላ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ክሮች ታዩአቸው። «እነዚህን» አልኋቸው፤ «የቀድሞ ሊቃውንት ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ይሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ከባክቴሪያ ወገን መሆናቸው ስለ ታወቀ ሲያኖባክቴሪያ ተባሉ። በምድራችን ላይ በፀሐይ ብርሃን ውሃን ሰንጥቀው ኦክሲጅን ማውጣት የጀመሩት የእነዚህ አያቶች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህም ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ አልፏል።» እስከዚህ ድረስ ንግግሬ መልካም ነበር።

ቀጥዬ ግን ሥራቸው ሁሉ በብርሃን ብቻ እንደ ሆነ አጽንቼ ነገርኋቸው። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አነሣና፤ «መምህር፤ ሌሊትስ በምን ይኖራል?» አለኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። «አላውቅም» ማለት አንዲት ቃል ናት፤ እኔ ግን ከዚያች ቃል ይልቅ ቀልድ መረጥሁ። «እንደ አንተ ይተኛል» አልሁት፤ ክፍሉም ሁሉ ሳቀበት። ልጁ ሳይቀመጥ፤ «የተኛም ሰው ይተነፍሳል እኮ» አለ። ተቆጥቼ አስቀመጥሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላነሣም። እኔም ክፍሉ ጸጥ ስላለልኝ ደስ አለኝ፤ መምህራን እንዲህ ያለውን ጸጥታ ሥነ ሥርዓት ብለን እንጠራዋለን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ መጽሐፍ ሳገላብጥ የልጁን መልስ አገኘሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። በሲያኖባክቴሪያው ውስጥ ታይላኮይድ የሚባሉ ስስ ሽፋኖች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ከክሎሮፊል ላይ ኤሌክትሮን ተፈናጥሮ ይወጣል፤ የጎደለውም ከውሃ ይተካል። ከ2 የውሃ ሞለኪውሎች 4 ኤሌክትሮኖች ሲወሰዱ 1 የኦክሲጅን ሞለኪውል ይለቀቃል። ኤሌክትሮኑ ከተሸካሚ ወደ ተሸካሚ እየተላለፈ ይሄዳል፤ በመንገዱም ሁለተኛ ጊዜ በብርሃን ይገፋና፤ በመጨረሻ ካርቦንን ወደ ስኳር ለመለወጥ ያገለግላል። በዚህ ጉዞ ጊዜ ፕሮቶኖች በሽፋኑ አንድ ወገን ይከማቻሉ። ተመልሰው ሲያልፉ፤ ወራጅ ውሃ ወፍጮ እንደሚያዞር፤ እጅግ ጥቃቅን የሆነች መዘውር ያዞራሉ። እርስዋም ሕያው ነገር ሁሉ እንደ ዝርዝር ገንዘብ የሚጠቀምበትን ኤ.ቲ.ፒ. ትሠራለች። ፒተር ሚቸል የተባለው እንግሊዛዊ ይህን የፕሮቶን ነገር በ1961 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ግን የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

እንግዲህ ሲመሽ ሲያኖባክቴሪያው ቀን ያጠራቀመውን ስንቅ፤ ማለት ግላይኮጅን የተባለውን፤ ማውጣት ይጀምራል። ከስንቁ የሚገኘው ኤሌክትሮን የቀኑ ኤሌክትሮን በሚሄድበት በዚያው ሽፋን ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዶቹም ተሸካሚዎች ራሳቸው የቀኖቹ ናቸው። መድረሻው ግን ሌላ ነው፤ ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። መዘውሪቱም በጨለማ ትዞራለች። ዕፅዋት ብርሃን የሚቀበሉበትና የሚተነፍሱበት ክፍል ለየብቻ ነው፤ የዚህ ግን ሁለቱም በአንድ ሽፋን ላይ ይከናወናል። የተኛም ይተነፍሳል ያለው ልጅ እውነቱን ነበር። ያን ቀን እኔ ብቀልድበትም፤ ከእኔ ይልቅ ወደ ነገሩ ቀርቦ ነበር።

አፈላልጌ አገኘሁት። ባትሪ የሚሞላበትና ዲናሞ የሚጠግንበት ትንሽ ሱቅ አለው። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ። «አንድ ጥያቄ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀርቻለሁ» ብዬ ሁሉንም ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ስለ ይቅርታው ምንም አልተናገረም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጥቂት አሰበና፤ «እኔ ባትሪን ከልክ በላይ ከሞላሁት ይበላሽብኛል። ታዲያ መምህር፤ ቀትር ላይ ብርሃኑ ሲበዛበት ትርፉን ወዴት ያደርገዋል?» አለኝ።

«አላውቅም፤ አንብቤ እመጣለሁ» አልሁት።

ሦስት ሌሊት አነበብሁ። ከመጠን ያለፈውን ብርሃን ሙቀት አድርጎ የሚያስወግድ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ፕሮቲን አለው። የተረፉትንም ኤሌክትሮኖች ለኦክሲጅን አስረክበው መልሰው ውሃ የሚያደርጉ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉት፤ ከውሃ የተወሰደው ወደ ውሃ ይመለሳል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሱቁ ሄድሁ። ገና አልከፈተም ነበርና ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት።